በሌለ ሐይቅ የተጣሉ ሁለት እናቶች

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል እማዬ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ ዘይት እንዳጣ ማጠፊያ የሚጮኸው ነገር ቀነሰልሽ? ኪኒኑን ከምግብ በኋላ ውሰጂ የተባልሽውን ትሰሚያለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ «ሐኪሙ ልጅ ነው፣ ምን ያውቃል» ብለሽ በባዶ ሆድሽ ትውጪዋለሽ? አባባንስ ሳሉ ለቀቀው? ወንድሜስ ከሚኒባሱ ጋር የጀመረውን ጠብ ጨረሰ ወይስ አሁንም ጠዋት ጠዋት እየተገፋ ነው የሚነሳለት? ሁላችሁንም በሐሳቤ ከክፍል ክፍል እየዞርኩ ሳምኳችሁ።

ስለ እኔ «ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ» ብዬ መቀጠል ነበረብኝ። ደብዳቤ እንደዚያ እንደሚቀጥል ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። አካሌ በእርግጥ ደህና ነው፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ከክፍል አልቀርም። ውስጤ ግን ከከፋው ቆየ። በስልክ እንዳልነግርሽ እኔና አንቺ በስልክ አይሆንልንም፤ አንዳችን ሳንጨርስ ሌላችን እንጀምራለን፤ ባለፈውም ጆሮዬ ላይ ዘግተሽብኛል። ስለዚህ ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የምትኖር ነርስ ለዕረፍት ወደ እናንተ ስትመጣ ይህን እንድታደርስልሽ ለመንኳት። መነጽርሽን አድርጊና እስከ መጨረሻው አንብቢው። መሐል ላይ ትናደጃለሽ፤ ተናደጂ፣ ግን አታቁሚ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ያን ቀን ስደውልልሽ እያለቀስኩ ስለነበር የሰማሽው ግማሹን ብቻ ነው። የእኛ ትምህርት አገሮች ሲጣሉ እንዴት ተቀምጠው እንደሚነጋገሩ ነው። ይህ ደግሞ ከመጽሐፍ ብቻ ስለማይለመድ እንደ ቲያትር ያጫውቱናል። ቀልድ እንዳይመስልሽ። አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛዎች በግማሽ ክብ ይደረደራሉ፤ በየፊታችን የአገር ስም የተጻፈበት ካርድ፣ የውሃ ጠርሙስና ስትጫኚው ቀይ መብራት የሚያበራ ማይክሮፎን ይቀመጣል። አገሮቹ የሌሉ ናቸው፤ አስተማሪው የፈጠራቸው። ማን የየትኛው አገር ልዑክ እንደሚሆን ዕጣ ይወጣል። ከዚያ ለየቡድኑ መመሪያ ይሰጣል፤ መንግሥትሽ ምን እንደሚፈልግ፣ ምን ላይ መልቀቅ እንደምትችይ፣ ምን ላይ ግን ብትሞቺ እንዳትለቂ። የሌላውን ቡድን መመሪያ አታውቂም። እያወጣጣሽ፣ ዝም እያልሽ፣ ፊቱን እያየሽ ነው የምትደርሺበት።

ይህን ትምህርት እንዴት እንደምወደው ብነግርሽ! መጀመሪያ የደረሰኝ ዕጣ መርዛም ቆሻሻውን ወደ ጎረቤቱ የሚለቅ አገር ሚኒስትርነት ነበር። እኔ ያንን ልከላከል? ሳነብና ስጠያይቅ ሰንብቼ ሳየው ግን የዚያ አገር ሰዎችም ፋብሪካው ከተዘጋ ልጆቻቸውን የሚያበሉት የላቸውም። የማልወደው ሰው ምን እንደሚፈራ ፈልጎ ማግኘትን የተማርኩት ያን ጊዜ ነው። ሌላ ጊዜ ደግሞ የሁለት ጄኔራሎች አስተርጓሚ ሆንኩ። አንዱ «አህያ!» ሲል እኔ «ክቡር ጄኔራሉ ጉዳዩን ደግመው እንዲያጤኑት ይጠይቃሉ» እላለሁ፤ ክፍሉ በሳቅ አለቀ። «አንቺ ይሄን የት ተማርሽው?» ሲሉኝ «እናትና አባቴ ሲጨቃጨቁ መሐል ሆኜ» አልኳቸው። ድምቡሼ ከወንበሯ ልትወድቅ ምንም አልቀራት።

ድምቡሼ። እስካሁን ስሟን ሳልጽፍ ለመቆየት እየሞከርኩ ነበር። የጎረቤታችን የእትዬ ልጅ፣ አብራኝ ያደገች፣ አብራኝ ተፈትና አብራኝ እዚህ የመጣች፣ አንድ ክፍል ውስጥ ቁም ሣጥን ብቻ ከልሎን የምንኖር። በልጅነቷ ጉንጯን አይታችሁ ያወጣችሁላት ስም ዛሬ አይገጥማትም፤ ከስታ የቀራት ዓይን ብቻ ነው። ለየጨዋታው የምታዘጋጀኝ እሷ ነበረች። መስታወት ፊት አቁማኝ «ስትናደጂ አፍንጫሽ ይነፋል፤ ሁሉም ያውቅብሻል፤ በአፍሽ ተንፍሺ» ትለኝ ነበር። እኔም ለእሷ «ስትዋሺ ጆሮሽን ትነኪያለሽ» ብያት እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አጣምራ መቀመጥ ለመደች። የምታየኝን ያህል ማንም አይቶኝ አያውቅም።

የመጨረሻው ጨዋታ የሐይቅ ነበር። ሰሜንና ደቡብ የሚባሉ ሁለት አገሮች አንድ ሐይቅ ይጋራሉ፤ ዓሣው እያለቀ ነው። ሰሜን ትልልቅ ጀልባዎች አሉት፤ ደቡብ በትንንሽ መረብ የሚያጠምዱ መንደሮችና አንድ ጥሩ ወደብ አለው። ዕጣው ሲወጣ የደቡብ ዋና ተደራዳሪ እኔ፣ የሰሜን ዋና ተደራዳሪ ድምቡሼ ሆንን። በዚህ ድርድር የበለጠውን ሰው ደግሞ ትምህርት ቤቱ እውነተኛ ድርድር ወደሚካሄድበት መሥሪያ ቤት ለልምምድ ይልካል። ያለው ወንበር አንድ ብቻ ነው። ያን ወንበር ምን ያህል እንደፈለግሁት አንቺ ታውቂያለሽ፤ ከቤት የወጣሁትም ለእሱ ነው።

የምፈልገው ነገር ዓሣው እንቁላል በሚጥልበት ወቅት የሰሜን ጀልባዎች እንዲቆሙ ነበር። የምሰጠው ደግሞ ወደቡን፤ ማዕበል ሲነሳ ጀልባዎቻቸው እንዲጠለሉበት። ጠዋቱን ሙሉ ተጨቃጭቀን ምንም ፈቀቅ አላለም። ለዕረፍት ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ፣ ውሃ መቅጃው ጋ፣ ድምቡሼ መጣች። እዚህ ላይ ልብ በይልኝ። አዳራሹ ውስጥ የምንናገረው በትምህርቱ ቋንቋ ነው፤ «ክብርት ተደራዳሪ» እየተባባልን። ኮሪደሩ ላይ ግን በራሳችን ቋንቋ ነው ያወራችኝ። «አንቺ ልጅ፣ ምሳ ሳንበላ ልታስቀሪን ነው እንዴ? ወደቡን አስቀድመሽ አጽድቂልኝ፤ የእኔ ሰዎች እሱን ካዩ ይለሰልሳሉ። ከሰዓት ጀልባውን አቆምልሻለሁ» አለችኝ። «ብትክጂኝስ?» አልኳት። ሳቀች። «እናቴ ትሙት! አንቺን ነው የምክደው?» አለች።

የእትዬን ሞት ጠርታ ማለችልኝ፤ ያንን ሰምቼ ምን እጨምራለሁ? በራሳችን ቋንቋ ስታወራኝ ጨዋታው ከበሩ ወዲያ የቀረ መሰለኝ፤ የሰሜኗ ተደራዳሪ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጣ ድምቡሼ ብቻዋን ውሃ ልትቀዳ የወጣች መሰለኝ። የቡድኔ ልጆች «በጽሑፍ ይሁን» ብለው ለመኑኝ። እናቷን ጠርታለች አልኳቸው። ግራ ገባቸው። አንደኛው፣ የመርከበኛ ልጅ ነው፣ «እናቷ በሰሜን መንግሥት ውስጥ ምን ሥልጣን አላት?» ብሎ ከልቡ ጠየቀኝ። ስቄ አለፍኩት። ወደቡን አጸደቅን። አንዴ የጸደቀ ነጥብ ደግሞ ተመልሶ አይከፈትም፤ ሕጉ ነው።

ከሰዓት ተራዋ ሲደርስ ድምቡሼ ማይክሮፎኑን ተጫነች። «የሰሜን መንግሥት ጀልባዎቹን ለማቆም ቃል የገባበት ጊዜ የለም» አለች። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። እጆቿ ጠረጴዛው ላይ እንደተጣመሩ ነበሩ። እኔን ግን አላየችም።

ተነስቼ ቆምኩ። ማይክሮፎን አላስፈለገኝም፤ ድምፄን ታውቂዋለሽ። «በእናቷ ምላልኛለች!» አልኩ። አዳራሹ ሳቀ። አስተማሪያችን ጠረጴዛውን በእንጨት መዶሻ እየመታ ሥርዓት ስለሚያስከብር «መዶሻው» ነው የምንለው። መታና ሳቁን አስቆመ፤ ከዚያ ግን በእኔ ላይ ፈረደ። ኮሪደርም የጨዋታው አካል ነው፣ ያልተፈረመ ነገር እንዳልተባለ ይቆጠራል፣ የደቡብ ተደራዳሪ የዋህ ነበሩ፣ የሰሜኗ ግን ሰዋቸውን አውቀዋል አለ። መጨረሻ ላይ የጋራ መግለጫው ሲቀርብልኝ «በመተማመን መንፈስ» የሚል ነገር አለበት። አልፈርምም ብዬ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ። ዛሬም ቢያመጡልኝ አልፈርምም። በዚህ ምክንያት የቡድኔ ልጆችም ከእኔ ጋር ዝቅተኛ ውጤት ተካፈሉ፤ እነሱ ያሳዝኑኛል።

ወንበሩ ለእሷ ሆነ። አቤቱታ ጻፍኩ፤ «አመልካቿ የጨዋታውን መንፈስ አልተረዱም» የሚል መልስ መጣልኝ። መንፈሱንማ ከማንም በላይ ተረድቼዋለሁ! ሌላው ሰው ምን እንደሚያምን አጥኑ እያሉ አይደል የሚያስተምሩን? እሷ እኔን ለማጥናት ቤተ መጻሕፍት መግባት አላስፈለጋትም። ማንም ተበደልሽ ባይለኝም ተበድያለሁ፤ ይህን በማንም ፊት እደግመዋለሁ።

እስከዚህ ያለው ያናድደኛል እንጂ አይቆጨኝም። የሚቆጨኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

ከአዳራሹ እንደወጣሁ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ደወልኩልሽ። አንቺ ግቢ ውስጥ ልብስ እያጠብሽ ነበር፤ እጅሽ አረፋ ስለነበረ ስልኩን ድምፁን ከፍተሽ ገንዳው ጠርዝ ላይ አስቀምጠሽዋል። እኔ ይህን አላወቅሁም። «ድምቡሼ በእትዬ ሞት ምላ ካደችኝ!» ብዬ ስጮህ እትዬ ከአጥሩ ማዶ በረንዳዋ ላይ ልብስ እየሰፋች ነበር። አንቺ ደግሞ አልበቃ ብሎሽ ወደ አጥሩ ዞርሽና «ስሚ አንቺ! ልጅሽ ለዓሣ ብላ ገደለችሽ!» አልሻት። ይቅር ይበለኝና እያለቀስኩም ሳቄ መጣ። ወዲያው የስፌት መኪናዋ ድምፅ ቆመ። እሱንም ሰማሁት። ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ።

የቀረውን ወንድሜ ነግሮኛል፤ እሱን አትቆጪው፣ አስጨንቄው ነው። እትዬ «ልጄን ሌባ አደረጋችኋት» አለች አሉ፤ አንቺ ደግሞ «ሌባማ የሰው ዕቃ ነው የሚወስድ፣ የእናቱን ዕድሜ አይደለም» አልሽ። እኔና ድምቡሼ ስንመላለስባት ያደግናትን፣ በሁለቱ ግቢ መሐል ያለችውን ትንሽ በር ቀረቀርሻት። አባባ ሊከፍታት ቢሞክር «ከከፈትካት እዚያው እደር» አልሽው። እትዬ የደም ግፊቷ ከፍ ብሎ ወድቃ ሆስፒታል ገብታ ወጣች፤ አሁን አልጋ ላይ ናት፤ ቀኝ እጇ አልታዘዝ ብሏታል። በዚያ እጇ ስንት ልብስ ሰፍታልናለች! አንቺ ግን እስካሁን ገብተሽ አልጠየቅሻትም። እኔን ስታምጪ ጫማ ሳታደርግ ሮጣ አዋላጅ የጠራችልሽን ሴት። አባባ ሆስፒታል ሲተኛ ቤታችንን ይዛ የከረመችውን ሴት።

«ስለ ልጄ ብዬ ነው» እንደምትዪ አውቃለሁ። ስለ እኔ ከሆነ ተይው እማዬ። እኛ ዘንድ ዋና ተደራዳሪውን ንዴት ሲያሸንፈው የቡድኑ ሰዎች ዕረፍት ይጠይቁለታል፤ ወደ ውጭ አውጥተው ውሃ ያጠጡታል እንጂ አብረውት ጠረጴዛ አይገለብጡም። ያን ቀን ከአንቺ የፈለግሁት ያንን ነበር ማለት ነው። ግን እኔም አላልኩሽ፣ አንቺም ከየት ታውቂዋለሽ። ደረጃው ላይ ትንሽ ተቀምጬ፣ ፊቴን ታጥቤ ብደውል ኖሮ እላለሁ። ስንት ጊዜ እንዳልኩት አትጠይቂኝ።

ድምቡሼም የእናቷን መታመም ሰማች። ከጨዋታው ወዲህ አልተነጋገርንም ነበር። በቁም ሣጥኑ ወዲህና ወዲያ ሁለት አገር ሆነን፣ ምድጃውን እንኳ ተራ እየጠበቅን ነበር የምንኖረው። እሷ ስትገባ እኔ እወጣለሁ፤ እኔ ስገባ እሷ የተኛች ትመስላለች። ባለፈው እሑድ ልብሴን ሳጣጥፍ መጥታ ቁም ሣጥኑ ጥግ ቆመች። «እናቴን የጣልኳት እኔ ነኝ አይደል?» አለችኝ። ከዚያ ሁሉ ዝምታ በኋላ የመጀመሪያ ቃሏ ይህ ነው። እንደምታውቂኝ እኔ መሐላ ሰው ይጥላል ብዬ አላምንም። «እናትሽን የጣላት ጨው ነው። ቀንሺ ሲሏት መች ሰማች?» አልኳት። እውነቴን ነው፤ ግን እውነቱን ያልኩበት አነጋገር ድንጋይ እንደሚወረውር ሰው ነበር። ድሮ ቢሆን አንገቷን አቅፌ አብሬያት አለቅስ ነበር።

ፊቷ እንደ ሕፃን ተጨማደደ። «ጨዋታ ነው ብዬ እኮ ነው። መሐላው ከአፌ አምልጦኝ እንጂ አስቤው አይደለም። ሲያልቅ ልነግርሽና ልንስቅበት ነበር» አለችኝ። «አልሳቅሁም» አልኳት። ወደ ራሷ ወገን ተመለሰች። እኔም አጣጥፌ የጨረስኩትን ልብስ ፈትቼ እንደገና አጣጠፍኩት። ሌላ የማደርገው ጠፍቶኝ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ድምቡሼ ወንበሩንም ትምህርቱንም ትታ እናቷን ለማስታመም ልትመጣ ነው። ጉዞዋ የሚቀጥለው ሳምንት ነው፤ ሻንጣዋ ተከፍቶ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። መዶሻው ይህን ሰምቶ ትናንት ቢሮው ጠራኝና ወንበሩ ያንቺ ነው አለኝ። ያን ያህል የተመኘሁት ነገር እትዬን አልጋ ላይ ጥሎ መጣልኝ። አልፈልግም አልኩት። «ዋጋ እያስወደድሽ ነው?» አለኝ እየሳቀ፤ ለዚህ ሰው ሁሉ ነገር ድርድር ነው። «ፍርዴ ስህተት ነበር ብለው አዳራሹ ፊት ከተናገሩ ዛሬውኑ እወስደዋለሁ። እሷ አዝና ስለተወችው ከሆነ ግን አልነካውም» አልኩት። ሳቁ ጠፋ። ፍርዱን እንደማይለውጥ ነገረኝ፤ እኔም ተነስቼ ወጣሁ።

ደግነት እንዳይመስልሽ። የተነጠቅሁትን ማስመለስ እፈልጋለሁ፤ ከመሬት የወደቀ ማንሳት አልፈልግም። እንዲህ ያለ ዕድል ዳግም ላይመጣልኝ እንደሚችልም አውቃለሁ። ትናንት ከቢሮው ስመለስ መንገዱን ሁሉ ሲቆጨኝ ነው የመጣሁት፤ ዛሬም ይቆጨኛል፤ መልሴ ግን ያው ነው።

የምለምንሽ ይህን ነው። ድምቡሼ ትምህርቷን የምትጥለው እናቷ ብቻዋን ናት ብላ ስለምታስብ ነው። አክስቷ ብቅ ትላለች እንጂ አጠገቧ የሚያድር የለም። ቀድሞ ቢሆን አንቺ ነበርሽ። በሩን ክፈቺና ግቢ። ይቅርታ ጠይቂ አላልኩሽም፤ ማን ይቅደም የሚለውን ክርክር እናንተ ከጀመራችሁት ዓመትም አይበቃችሁም። ሾርባ ይዘሽ ግቢ፣ ትራሷን አስተካክዪላት፣ ያችን እጇን እሺላት፣ ጨው ስትጠይቅሽ አትስጫት። የእኛን ነገር ካነሳች «የልጆች ጉዳይ ነው፣ ራሳቸው ይጨርሱት» በያት። ከዚያ አልጋዋ አጠገብ ሆነሽ ለድምቡሼ ደውዪና «እኔ አለሁ፣ ትምህርትሽን ተማሪ» በያት። እኔ ብላት አታምነኝም፤ እኔም አልላትም። አንቺን ግን ታምንሻለች።

እዚህ ከቀረች ወንበሩ የእሷ እንደሚሆን አውቃለሁ። ስትሄድበት አላጨበጭብላትም። ይቅር ብያታለሁ ማለቴም አይደለም፤ አላልኩም። አንድ ቀን እል ይሆናል፣ ላልልም እችላለሁ፤ እሱ የእኔና የእሷ ነው። ግን እንዲህ ሻንጣዋን ይዛ ከሄደች ጠባችን ሳያልቅ መሐሉ ላይ ተቆርጦ ሊቀር ነው፤ ዕድሜ ልኬን ብቻዬን ስጣላት ልኖር ነው። ከተጣላኋትም እዚሁ ቁም ሣጥኑ ማዶ ሆና፣ እየሰማችኝ ልጣላት። እናንተ ግን በዚህ ጠብ ውስጥ የማንም ልዑካን አይደላችሁም። ሐይቁ የለም፤ ዓሣውም የለም። ያላችሁት አንቺና እትዬ ናችሁ።

ለአባባ ጉልበቱን ሳሚልኝ፤ ሳሉ ካልለቀቀው «ምርመራ ሂድ ብላሃለች» በዪው፣ ከእኔ ጋር መከራከር እንደማያዋጣው ያውቃል። ለወንድሜ ሰላም በይልኝ፤ ሚኒባሱን ከመግፋት ይልቅ ቢሸጠው ይሻለዋል፣ ገዢ ካገኘ። ለሚስቱ ልዩ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ሆዷ ገፍቷል አሉ፣ ከባድ ነገር እንዳታነሳ ተቆጫት። ትልቋን አክስቴን ደህና ነሽ ወይ ብላሻለች በያት፤ ይህን ደብዳቤ ግን አታሳያት፣ እስከ ምሽት አገር ያውቀዋል።

ለእትዬ በወረቀት ሰላምታ አልልክም። አጠገቧ ስትቀመጪ ግንባሯን ሳሚልኝ። «ማን ላከሽ?» ብትልሽ «ማንም አልላከኝም» በያት።

የምትወድሽና ስትከራከርሽ የምትኖር ልጅሽ

ከተማሪዎች ማደሪያ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ በመስኮቱ በኩል ካለው አልጋ
ኅዳር 14 ቀን